ፍሌር ባርቴንዲንግ፦ ከመጀመሪያው ቅለባ እስከ ባንኮኒው

ፍሌር ማለት ባርቴንደሩ መጠጥ እየሠራ ጠርሙሱን፣ ሼከሩንና በረዶውን የሚወረውርበት፣ የሚያሽከረክርበትና የሚቀልብበት ጥበብ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ጠርሙሱን ወደ ኮርኒስ ለመስደድ ይቸኩላል። ሥራው ያለው ግን ከእምብርት እስከ ዓይን ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ አንድ ዙር ብቻ የሚዞር ጠርሙስ ሃያ ጊዜ ወርውሮ ሃያ ጊዜ ለሚቀልብ ሰው፣ የቀረው ሁሉ በዚሁ ላይ እየተደረበ ይመጣል።

ፍሌር ሁለት ዓይነት ነው። የሥራ ፍሌር የሚባለው ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ እየጠበቀ፣ ባሩ በሚሸጥበት ጠርሙስ፣ መጠጡን ሳያዘገዩ የሚሠራው ነው። የትርዒት ፍሌር ደግሞ የመድረክ ነው፤ በሙዚቃ ይታጀባል፣ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ በጠርሙሶቹም ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ በጣም ጥቂት ነው። በአንድ እጅ ሁለት ሦስት ጠርሙስና ቲን (መጠጥ የሚደባለቅበት የብረት ኩባያ) የሚያጫውቱት፣ በዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር ሻምፒዮና ላይ ራሱን በቻለ ምድብ የሚወዳደሩት እነዚህ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ ሥራ ፍሌር ነው። ደመወዝ የሚከፈለው በአብዛኛው ለዚህኛው ነው፤ የመድረኩም ቢሆን ከዚህ ነው የሚነሳው።

ከየት መጣ ለሚል፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው ባርቴንደር ጄሪ ቶማስ የሚነድ ዊስኪ ከአንድ ኩባያ ወደ ሌላ ኩባያ ከፍ አድርጎ እየቀዳ የሰውን አፍ ያስከፍት ነበር፤ መጠጡም ብሉ ብሌዘር ይባላል። ዛሬ የምናውቀው የጠርሙስ ውርወራ ግን ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የቲጂአይ ፍራይዴይስ ባሮች ውስጥ ነው። በ1986 ድርጅቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባዘጋጀው ውድድር ጆን ባንዲ የተባለ ባርቴንደር አሸነፈ። ከዚያም ለአንድ የሆሊውድ ፊልም ተዋናዮቹን አሠለጠነ፤ ፊልሙ በ1988 ሲወጣ ነገሩ በመላው ዓለም ተዛመተ።

ዕቃዎቹ

ዋናው የልምምድ ጠርሙስ ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ፣ የ750 ሚሊ ጠርሙስ ቅርጽና ስፋት ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ፍሌርኮ የሚባለውን ነው። ሲወድቅ አይሰበርም፣ አንገቱም እንደ እውነተኛው ረጅም ነው። ማግኘት ካልተቻለ ሃይላንድ ይዞ መጀመር ይቻላል የሚሉ አሉ። ለሁለት ቀን ያህል ዙሩን ለዓይን ለማስለመድ ይረዳ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን እጅን ያበላሻል። አንገቱ አጭር ነው፣ ሆዱ ሲጨበጥ ይሰረጉዳል፣ ክብደቱም ከእውነተኛው ጋር አይገናኝም። ከሃይላንድ ይልቅ ባዶ የጂን ጠርሙስ ከላይ እስከ ታች በናስትሮ ጠቅልሎ አልጋ ላይ መለማመድ ይሻላል። ናስትሮው መሰበሩን አያስቀረውም፤ ስብርባሪው እንዳይበተን ግን ይይዘዋል። ነጠላ ጫማ አድርጎ ወይም በባዶ እግር ግን በመስታወት ጠርሙስ አይለማመዱም።

ጠርሙሱ ፍጹም ባዶ አይሁን፤ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ውኃ ጨምሩበት። ባዶ ጠርሙስ ቀልሎ ስለሚበር ሲመለስ የት እንዳለ እጅ አይሰማውም። ትንሽ ውኃ ሲኖር ክብደቱ ወደ ቂጡ ያደላል፣ ዙሩም የተረጋጋ ይሆናል። ሙሉ የመጠጥ ጠርሙስ ከነመስታወቱ 1 ኪሎ ከ200 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ባዶው 500 ግራም ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ከጊዜ በኋላ የእጅ አንጓ ላይ የሚታወቅ ነው።

ሁለተኛው ዕቃ ሁለት የብረት ቲን ነው፦ ትልቁ 830 ሚሊ ገደማ፣ ትንሹ 530 ሚሊ ገደማ የሚይዝ። ቂጡ ላይ ክብደት የተጨመረበትን ግዙ፤ ቀላሉ ቲን በአየር ላይ ይወላወላል። ሦስተኛው በጠርሙስ አፍ ላይ የሚሰካው መቅጃ፣ ፖረር ነው፤ ጎማው የላላ ፖረር በሁለተኛው ዙር ተወርውሮ ይሄዳል። የትርዒት ሰዎች ፖረሩን ከአንገቱ ጋር በናስትሮ የሚያስሩት ለዚህ ነው። በሥራ ላይ ጎማው አዲስና የሚያንቅ ከሆነ ይበቃል። ሁሉም ፖረር ከጠርሙሱ መለያ አንጻር ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር፤ እጅ ጠርሙሱን ሲያነሳ መጠጡ በየት በኩል እንደሚወጣ ዓይን ሳያይ እንዲያውቅ።

የሚለማመዱበት ቦታ ጣሪያው ቢያንስ ከራስ በላይ አንድ ሜትር ይኑረው። ከፊት አልጋ ወይም ስፖንጅ ፍራሽ ካለ የወደቀውን ለማንሳት ወገብ አይታጠፍም፤ አልጋው ከፍታው ጉልበት ጋ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወረወረው ቁጥር ይጨምራል። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖር ደግሞ ፍራሹ ከታች ያለውን ጎረቤትም ያድናል።

የመጀመሪያው ዙር

ጠርሙሱን በአንገቱ ያዙት፤ አውራ ጣት በአንድ ወገን፣ አራቱ ጣቶች በሌላው፣ ቂጡ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ። ጨምቃችሁ አትያዙት፤ ሌላ ሰው ቢስበው መንሸራተት አለበት። ክርናችሁ ጎናችሁን ነክቶ ይቀመጥ፣ ክንዳችሁ ከወለሉ ጋር ይስተካከል፣ እጃችሁ እምብርት አካባቢ ይሁን።

አሁን እጃችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ አንሱ። ጠርሙሱ እንደ ተንጠለጠለ ስለሆነ ቂጡ በራሱ ጉልበት ወደ ፊት ይወጣል። ክንዱ እንደገና ከወለሉ ጋር ሲስተካከል አንጓችሁን በጥቂቱ ወደ ላይ ሰበር አድርጉና ጣቶቻችሁን ክፈቱ። ጠርሙሱን መወርወር አያስፈልግም፤ መልቀቅ ነው የሚያስፈልገው። ቂጡ ከፊት ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ወደ እናንተ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንገቱም ተነሥቶ ወደ ሄደበት እጅ ይመለሳል።

ሲመለስ እጃችሁ ከሥሩ ሄዶ አይጋጨው። እንቁላል ቢወረወርላችሁ እንደምትቀበሉት፣ ጠርሙሱ እጃችሁን በሚነካበት ቅጽበት አብራችሁት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ውረዱ። ጉልበትም በትንሹ ይታጠፍ። ቆሞ በሚጠብቅ እጅ ላይ ያረፈ ጠርሙስ ወይ ይነጥራል ወይ ጣት ይመታል፤ አውራ ጣታቸው ሥር ያበጠባቸው ጀማሪዎች በአብዛኛው በዚህ የተነሣ ነው።

ዓይን የት ይሁን? እጅ ላይ አይደለም። ጠርሙሱ ከፍ ብሎ ለመመለስ ለአፍታ የሚቆምበትን ቦታ እዩ፤ ይህም በዓይናችሁ ትክክል ያለው ነጥብ ነው። ከዚያ ነጥብ ወዴት እንደሚወርድ አእምሮ ራሱ ያሰላዋል። እጁን የሚያይ ሰው ጠርሙሱን የሚያገኘው ከመጣ በኋላ ነው።

ቁመቱን በተመለከተ ትንሽ ስሌት አለ። ከእጅ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርሙስ በአየር ላይ የሚቆየው 0.64 ሰከንድ ያህል ነው። አንድ ሜትር ቢወጣ ደግሞ 0.9 ሰከንድ ነው። ከፍታው እጥፍ ሲሆን የምታተርፉት ጊዜ ሩብ ሰከንድ ብቻ ነው፤ በአንጻሩ ጠርሙሱ ሲወርድ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ወደ ጎን የመሳቱም ዕድል ከከፍታው ጋር ያድጋል። ለአንድ ዙር 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ወደ ላይ መጨመር ያለባችሁ ሁለት ዙር ስትጀምሩ ነው።

ምን እየተበላሸ እንደሆነ ጠርሙሱ ራሱ ይናገራል። ወደ ፊት እየሄደ የሚያመልጥ ከሆነ የለቀቃችሁት ቀድማችሁ ነው፤ ወይም ክርናችሁ ከጎናችሁ ተነሥቶ ጠርሙሱን ገፍቶታል። መድኃኒቱ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ ፊት ለፊት ቆሞ መለማመድ ነው፤ ወደ ፊት የሚሄድ ሁሉ ግድግዳውን ይመታል፣ እጅም በአንድ ቀን ውስጥ ይታረማል። በፕላስቲኩ ጠርሙስ መሆኑን መናገር አያስፈልግም።

ቂጡ ቀድሞ እጅ ላይ ከወረደ ዙሩ አላለቀም ማለት ነው። እጅ አንሥቷል፣ አንጓ ግን አልሠራም። በተቃራኒው አንገቱ እጅን አልፎ ወደ ውስጥ ከታጠፈ አንጓው አብዝቷል። ሁለቱንም ለማረም ከፍታውን አትቀይሩ፤ አንጓውን ብቻ ቀይሩ። ብዙዎች ዙሩ ሲያንስባቸው ከፍ አድርገው ይወረውራሉ፤ ያኔ አንዱን ስሕተት በሌላ ሸፈኑት እንጂ አላረሙትም።

ጠርሙሱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እየተንጋደደ ከሄደ ጥፋቱ የአውራ ጣት ነው። አምስቱ ጣቶች በአንድ ጊዜ አልተከፈቱም፤ አውራ ጣት ጠርሙሱን በመጨረሻ ነክቶ ጎትቶታል። በስልክ ቪዲዮ ከጎን ቀርጻችሁ በዝግታ ብታዩት ጣቱ ሲዘገይ በግልጽ ይታያል።

በቀኝ እጅ ሃያ ተከታታይ ቅለባ ስታገኙ ወደ ግራ እጅ ሂዱ። ግራኝ የሆነ በተቃራኒው። ደካማውን እጅ መዝለል የሚመች ነው፤ ግን ባንኮኒው ላይ አንድ እጅ ቲን ይዞ ሌላው ጠርሙስ ስለሚይዝ ሁለቱም መሥራት አለባቸው። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አሻግሩ። ልምምዱ በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቢሆን በሳምንት አንዴ ሦስት ሰዓት ከመልፋት ይበልጣል፤ የደከመ አንጓ የሚማረው ስሕተት ብቻ ነው።

ቲን

ቲን ከጠርሙስ ይቀላል፣ ግን ይንሸራተታል። ትልቁን ቲን በወገቡ ያዙት፣ አፉ ወደ ላይ። እንደ ጠርሙሱ በአንጓ ብቻ አንድ ዙር አዙራችሁ በወገቡ ቅለቡት። ጣት ወደ ውስጥ ገብቶ ከንፈሩን መያዝ ይቀላል፣ ሁሉም ጀማሪ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ያ ውስጥ ሰው የሚጠጣው ነው። ከውጭ መያዝን ገና ቤት ውስጥ አስለምዱት። እጅ እርጥብ ከሆነ ቲን አይወረወርም፤ የወገብ ፎጣ የሚታሰረው ለዚህም ነው።

ጠርሙሱን አንድ ዙር ወርውሮ በቲን ውስጥ በቂጡ መቀበል ደንበኛ የሚወደው ነገር ነው። የትልቁ ቲን አፍ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የክብ ጠርሙስ ሆድ ደግሞ 7 ተኩል ገደማ ስለሆነ ያለው ትርፍ ትንሽ ነው። ቲኑን ወደ ጠርሙሱ አታንሡት፤ ጠርሙሱ ዙሩን ጨርሶ ቂጡ ወደ ታች ሲቀና ብቻ ከሥሩ አቅርቡትና አብራችሁ ውረዱ። ወደ ላይ እየተነሣ ከተገናኘው ቂጡ ከንፈሩን መትቶ ይወጣል። ይህ ሲሠራ አንድ ሕግ አለው፦ የጠርሙስ ቂጥ የገባበት ቲን ሳይታጠብ መጠጥ አይሠራበትም። ጠርሙሱ ከመደርደሪያው ያነሣውን አቧራና ስኳር ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው።

በአይበሉባ ላይ ማቆም

ጠርሙሱ በአየር ላይ መጥቶ በእጅ አይበሉባ ላይ በቂጡ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከማንኛውም ውርወራ ይልቅ ሰውን ያስደንቃል፤ አደጋውም ያነሰ ነው። መዳፋችሁን ወደ ታች አድርጉ፣ ጣቶቻችሁን ገርበብ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ አይበሉባው ልክ እንደ ጠረጴዛ ይስተካከል። መጀመሪያ በሌላኛው እጅ ጠርሙሱን አስቀምጡበትና ቤት ውስጥ ተራመዱ። የጠርሙሱን አፍ እዩ እንጂ ቂጡን አትዩ፤ ሲያዘነብል ቀድሞ የሚታወቀው ከላይ ነው። ወደ አዘነበለበት አቅጣጫ እጃችሁን አንቀሳቅሱ።

ከዚያ በሌላኛው እጅ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይዞር ጣል አድርጉበት። እዚህ ላይ ያለው ምስጢር ፍጥነት ማመሳሰል ነው፤ አይበሉባው ከጠርሙሱ ጋር በአንድ ፍጥነት እየወረደ ሳለ መገናኘት አለባቸው። ከተሳካ ድምፅ አይሰማም። ድምፅ ከተሰማ እጃችሁ ቆሞ ጠብቆታል። ይህ ሲለመድ ብቻ አንድ ዙር ከዞረ በኋላ ማቆምን ሞክሩ።

በጀርባ በኩል

ጠርሙሱን በቀኝ እጅ ከጀርባ በኩል ወርውሮ በግራ ትከሻ ላይ አሳልፎ ከፊት መቅለብ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ነው። በመጀመሪያ በጠርሙስ አትሞክሩት፤ ካልሲ ጠቅልላችሁ ሞክሩ። ቀኝ እጅ ከወገብ በስተኋላ ዞሮ ወደ ግራ ጎን ይምጣ፤ ፊታችሁን ወደ ግራ ትከሻ መልሱ፤ ከዚያ ወደ ላይ ልቀቁ። ሁሉም ሰው ወደ ፊት ይወረውራል፣ ጠርሙሱም ትከሻውን ወይም ማጅራቱን ይመታዋል። ወደ ላይ ልቀቁት፤ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ካላችሁ እሱ ራሱ ከፊታችሁ ይወርዳል። ካልሲው በተደጋጋሚ ከጆሮ አንድ ስንዝር ርቆ ሲያልፍ ወደ ፕላስቲኩ ጠርሙስ ሽግግር ማድረግ ይቻላል።

ምን ያህል መጠጥ ይኑርበት?

ውርወራው ከተሳካ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ፖረር ያለው ጠርሙስ ተወርውሮ ለምን አይፈስም? ጠርሙሱ ሲዞር ፈሳሹ ከመሐሉ እየሸሸ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይገፋል። ጥቂት ከሆነ ከመጀመሪያው ቂጡ ጋ ስላለ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። አንገት ድረስ የሞላ ከሆነ ግን ከመሐል በላይ ያለው በሙሉ ወደ ፖረሩ ይገፋና ዙሪያውን ይረጫል። ግማሽ የሆነው ደግሞ በሌላ መንገድ ያስቸግራል፤ ውስጡ እየተንሸራተተ ሚዛኑን በመንገድ ላይ ይቀይረዋል፣ የለመደ እጅም ይስታል።

ስለዚህ በሥራ ላይ ከሩብ በታች የቀረው ጠርሙስ ይወረወራል። ከሩብ እስከ ግማሽ ያለው አንድ ዙር ብቻ፣ ዝቅ ብሎ፤ ከግማሽ በላይ ያለው ከእጅ አይለቀቅም፤ በእጅ ውስጥ ይሽከረከራል፣ በአይበሉባ ይቆማል፣ ከፍ ተደርጎ ይቀዳል። ሶዳ፣ ቶኒክ፣ ቢራ አይነኩም። ጭማቂና ሽሮፕም ቢፈስ ወለሉን እንደ ሙጫ ስለሚያደርገው ይተዉ። የፖረሩ ትንሽ የአየር ቀዳዳ በጠቋሚ ጣት ከተደፈነ መጠጡ መውረዱን ያቆማል፤ ጠርሙሱን ገልብጦ በቲኑ ዙሪያ አዙሮ ከዚያ መቅዳት የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

መለካት

ፍሌር የሚሠራ ባርቴንደር ልኩን በዓይን ሳይሆን በቁጥር ይቀዳል። ብዙው ፖረር በሰከንድ 15 ሚሊ ገደማ ያወርዳል፤ ሁሉም ግን አንድ አይደለም፣ ወፍራም መጠጥም ይዘገያል። ስለዚህ በራሳችሁ ፖረር ውኃ ሞልታችሁ፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ ገልብጣችሁ፣ «አንድ… ሁለት… ሦስት» እያላችሁ በጂገር (በመጠጥ መለኪያው ትንሽ ኩባያ) ላይ ቅዱ። ቆጠራው ለ15፣ ለ30፣ ለ45 እና ለ60 ሚሊ ምን ያህል እንደሆነ እስኪጸና ድረስ ይደገም። ከዚያ ሌላ ሰው ቅደም ተከተሉን አዘበራርቆ ይጥራ፤ «45! 15! 60!» እያለ። ከልኩ ከ3 ሚሊ በላይ የምትስቱ ከሆነ ገና ናችሁ፤ ባንኮኒው ላይ በጂገር ቅዱ። በጂገር መቅዳት ፍሌሩን አያጎድልም፤ ጂገሩ ራሱ በጣቶች መካከል ይዞራል።

ከፍ አድርጎ መቅዳት የሚጀመረው አፉን ከቲኑ አጠገብ አድርጎ ነው። መጠጡ መውረድ ከጀመረ በኋላ እጅ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ለማቆም ደግሞ ክንድ ፈጠን ብሎ ወደ ታች ይወርድና አንጓ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከላይ ቆሞ ለማቆም የሞከረ ሰው የመጨረሻዋን ጠብታ ደንበኛው ሸሚዝ ላይ ያገኛታል።

አንድ መጠጥ ከመነሻ እስከ መድረሻ

ቶም ኮሊንስን እንውሰድ፤ ጂን 45 ሚሊ፣ የሎሚ ጭማቂ 30፣ የስኳር ሽሮፕ 15፣ ሶዳ 60። ስኳርና ውኃ እኩል አሙቃችሁ ያቀለጣችሁት ሽሮፕ ይበቃል።

ረጅሙን ብርጭቆ ናፕኪን ላይ አስቀምጡና በረዶ ሙሉበት። ትንሹን ቲን በግራ እጅ አንድ ጊዜ አዙራችሁ ባንኮኒው ላይ አሳርፉ። ጭማቂውንና ሽሮፑን በጂገር ቅዱ፤ እዚህ ጋ ምንም ጨዋታ የለም። አሁን ጂኑን ከመደርደሪያው ስታነሡ እጃችሁን ገልብጡ፣ አውራ ጣት ወደ ቂጡ እያየ አንገቱን ያዙ። ክንዱን ስታነሡና አንጓውን ስትመልሱ ጠርሙሱ በራሱ ተገልብጦ ለመቅዳት ይዘጋጃል፤ ብቻውን የሚያምር፣ ፈጽሞ የማያዘገይ እንቅስቃሴ ነው። ጠርሙሱ ከሩብ በታች ከሆነ ከዚህ በፊት አንድ ዙር ጣሉበት። ሦስት እየቆጠራችሁ ከፍ አድርጋችሁ ቅዱና ቁረጡ። ጠርሙሱን በአይበሉባ አቁማችሁ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደንበኛውን እዩት፤ ከዚያ ወደ ቦታው መልሱት።

በትልቁ ቲን ውስጥ በረዶ ጨምሩ። አንድ ፍሬ በረዶ በመቆንጠጫ አስፈንጥሮ በቲን መቅለብ ይቻላል፤ በእጅ የተያዘ በረዶ ግን መጠጥ ውስጥ አይገባም። ሁለቱን ቲኖች ግጠሙና ከስምንት እስከ አሥር ሰከንድ በኃይል አንቀጥቅጡ፤ ሲከፈት ቲኑ ላብ ጥሎ ነጭ መሆን አለበት። በማጥለያ ወደ ብርጭቆው አውርዱ፣ ሶዳውን ጨምሩ፣ በማንኪያ አንዴ ከሥር አንሡት። የሎሚ ቁራጭ፣ ስትሮ፣ አለቀ። ያለ ፍሌር በሚወስደው ጊዜ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከጨመረ፣ ከመካከሉ አንዱን እንቅስቃሴ ቀንሱ። መቀነስ ያለበትም ብዙ ጊዜ የምትወዱት ነው።

ባንኮኒው ላይ

ሦስት ሰው ቆሞ እየጠበቀ አንድ ጠርሙስ አራት ጊዜ ማዞር ደንበኛን ያስቀይማል፤ ያኔ የሚፈቀደው እግረ መንገድ የሚሆነው ብቻ ነው። ከፊታችሁ ያለው ሰው ፊቱን ወደ ሌላ ካዞረ ትርዒቱ ለማን ነው? ከደንበኛው ራስ በላይ፣ ከበረዶ ሳጥን በላይ፣ ሌላ ባርቴንደር ከኋላ ሲያልፍ አይወረወርም። ከባልደረባ ጋር መነጋገሪያ ቃል ይኑር፤ «ከኋላ ነኝ» ማለት ልማድ ይሁን።

ጠርሙስ ይወድቃል። ሲወድቅ በእጅ ለመያዝ አትሞክሩ፤ በአየር ላይ የተሳሳተ ጠርሙስ ከጉልበት በታች ካለፈ ተውት። በእግር ገባ አድርጎ ማለዘብ ለፕላስቲኩ ይሠራል፤ መስታወት ከሆነ እግርን አሽሹ። ፈገግ ብሎ ሌላ ጠርሙስ ማንሳት ይበቃል፤ ተመልካቹ የሚደነግጠው የባርቴንደሩን ድንጋጤ አይቶ ነው።

ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ በበረዶ ሳጥን አጠገብ ከተሰበረ ግን ፈገግታው ይቁምና በረዶው በሙሉ ይወገድ። አንድም ስብርባሪ አላየሁም ብሎ መቀጠል አይቻልም፤ በረዶና መስታወት ተቀላቅለው ዓይን አይለያቸውም። መጀመሪያ ማንም እንዳይዝግንበት ቀይ ሽሮፕ አፍስሱበት፤ ከዚያ በፈላ ውኃ አቅልጡት፣ ባዶውን ሳጥን በወፍራም እርጥብ ወረቀት ጥረጉት፣ እንደገና እጠቡት፣ ማውረጃውን ፈትሹ፣ ከዚያ አዲስ በረዶ። ሃያ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

ስለ እሳት የሚጠይቅ አይጠፋም። መጠጥን ከጠርሙስ በቀጥታ በሚነድ ነገር ላይ አትቅዱ። ጠንካራ መጠጥ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ የተጠራቀመው ተን በመቅጃው በኩል ከታች ካለው ነበልባል ጋር ከተገናኘ፣ እሳቱ ወደ ውስጥ ገብቶ መጠጡን እያቀጣጠለ እንደ ችቦ ወደ ፊት ይተፋዋል፤ የሚቃጠለውም በአብዛኛው ባንኮኒው ማዶ የተቀመጠው ሰው ነው። መጠጥ በአፍ ይዞ እሳት ላይ መትፋትም ከዚሁ ይመደባል። የሚነድ መጠጥ ማቅረብ ግድ ከሆነ የተለካው መጠን ብቻ ብርጭቆው ውስጥ ይቀዳ፣ ጠርሙሱ ተከድኖ ከአካባቢው ይራቅ፣ ከዚያ ይለኮስ፤ ነበልባሉ የሚጠፋው በእፍታ ሳይሆን በብረት ክዳን በመሸፈን ነው፤ እርጥብ ፎጣም በእጅ አጠገብ ይዘጋጅ።